ለእንቁራሪት የተደፋሁ ለት

እስካሁን ድረስ ሰው በድንገት ራሴን ከነካኝ እጮሃለሁ። ፀጉር አስተካካዬ ሳይቀር ስለሚያውቅ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት «ልነካህ ነው» ብሎ ያስጠነቅቀኛል። ለዚህ ያበቃችኝ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል አንዲት እንቁራሪት ናት። ብትስቁ አልቀየምም። በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ቢሆን ኖሮ እኔም ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ነገሩን ከስሩ ልጀምርላችሁ። ጂንካ ውስጥ ባለ አንድ መስሪያ ቤት የህዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ የሚለው የምደባ ደብዳቤዬ ነው እንጂ ስራዬ ስብሰባ ፎቶ ማንሳት ነው። የዎርክሾፕ መክፈቻ አነሳለሁ፣ የዎርክሾፕ መዝጊያ አነሳለሁ፣ በመሃል ደግሞ የሻይ ሰዓት አነሳለሁ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ማይክ ፊት የተከፈተ አፍ ያነሳሁትን ያህል የጥርስ ሐኪም አይቶ አያውቅም።

መስሪያ ቤታችን በየዓመቱ ካሌንደር ያሳትማል። ካሌንደሩ ላይ ምን እንደሚወጣ ለደቡብ ኦሞ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገች ሴት፣ ፀጉሯን ቀይ አፈር የተቀባች ሴት፣ በሬ ላይ የሚዘል ጎረምሳ፣ ከዚያ እንደገና ሸክላ። አንድ ዓመት በስህተት ያው ጎረምሳ የካቲትም ግንቦትም ላይ ዘለለ። ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ ልጁ ራሱም ቢያየው «አንዴ ነው የዘለልኩት» ብሎ የሚከስ አይመስለኝም።

በዚህኛው ዓመት ስብሰባ ላይ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እጄን አወጣሁና «ለመሆኑ በዚህ ዞን ከሰውና ከበሬ ሌላ ፍጥረት የለም ወይ?» አልኩ። ሃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለምሳሌ?» አሉ።

ለምሳሌውን አላሰብኩበትም ነበር። እኛ መስሪያ ቤት ሃሳብ ያለው ሰው ሃሳቡን ተናግሮ ይቀመጣል፤ ለምሳሌ ተብሎ የተጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ውጪ ዝናቡ አባርቶ ቦዩ ውስጥ እንቁራሪቶች ይጮሃሉ።

«ለምሳሌ እንቁራሪት» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሃላፊያችን ግን አልሳቁም። «በጣም ጥሩ ኢኒሼቲቭ ነው» አሉ መነጽራቸውን እየመለሱ። «ካሌንደሩ ሰኞ ማተሚያ ቤት ስለሚሄድ እስከዚያ ሳብሚት አድርግ።» ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

የኮሌጅ አስተማሪ ጓደኛ አለኝ። ባዮሎጂ ያስተምራል፤ ትንንሽ ነገር ቀርቦ አጉልቶ የሚያነሳ ሌንስም አለው። ሌንሱን ሲያውሰኝ ሶስቴ ሰጥቶኝ ሶስቴ መልሶ ተቀበለኝ። በመጨረሻ ከነምክሩ ለቀቀልኝ። «ከላይ ቆመህ ካነሳሃት ጠጠር ነው የምትመስለው። ከዓይኗ እኩል መውረድ አለብህ። ተደፋ። አንዴ ከተደፋህ እንዳትነቃነቅ። መተንፈስም መነቃነቅ ነው።»

«የት ነው የምደፋው?» አልኩት።

«ገዘር። ደጋው ላይ፣ ምንጭ ዳር፣ በጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሳ።»

ገዘር የምህረት አገር ነው። ምህረት ጂንካ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ እኔና እሷ ለመጋባት ከተስማማን ቆይተናል። ያልተስማሙት አባቷ ናቸው። ጋሽ እያሱ ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው፤ የቤተክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። በጋ ላይ ሽማግሌ ልኬባቸው ነበር። ሽማግሌዎቼ የቢሮ ባልደረቦቼ ናቸው፤ አንዱ ከፋይናንስ፣ አንዱ ከግዢ፣ አንዱ ከሰው ሃይል። ከሰዓት ስብሰባ ስለነበረባቸው ጠዋት ለመስክ በወጣ መኪና ገዘር ደርሰው ለምሳ ተመለሱ። እኔ እንደ ወጉ ጂንካ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ስበላ ነው ያረፈድኩት።

«ይቆየን ብለዋል» አለኝ የፋይናንሱ።

«ለምን?»

«ምክንያቱን አልገለጹም። በፕሮሰስ ላይ ነው ብለህ ውሰደው።»

እኔንና ምህረትን ምክንያቱ አልጠፋንም። ማተቤ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እነሱ ጴንጤ። ምህረት አንዳንዴ «አባዬ እኮ እንደሱ ብሎ አልነገረኝም» ትለኛለች። «ታዲያ ምን ብለው ይንገሩሽ?» እላታለሁ። ሌላ ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል? ራሴን ከላይ እስከ ታች ስመረምረው ከማተቡ በስተቀር እንከን አጣሁበት። ሰው ራሱን በራሱ ሲመረምር ውጤቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ጃኬቴ ላይ ጋቢ ደርቤ፣ ካሜራዬን ጉያዬ ከትቼ በሚኒባስ ወደ ገዘር ወጣሁ። ስንደርስ ጉሙ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው እንኳን ያደበዝዛል። ሻይ ቤት ገብቼ «እንቁራሪት የት ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሻይ የምትቀዳው ሴት ጣሳውን ይዛ ቆመች።

«እንቁራሪት ለምን?»

«ፎቶ ላነሳት።»

«እሷን?»

«አዎ።»

«እኛም እኮ አለን፤ ሰው» አለችኝና በጣም አዝና ከታች ያለውን ምንጭ አመለከተችኝ። ቁልቁል ስወርድ ሁለት ጊዜ በቂጤ ሄድኩ። ምንጩ ከእንሰት ማሳ ግርጌ ነው፤ የማን ማሳ እንደሆነ አልጠየቅኩም። እንሰት ተክሎ ስሙን የሚለጥፍ ሰው ደግሞ የለም።

እዚያች ውሃ ዳር፣ በወደቀ የእንሰት ቅጠል ላይ አየኋት። መጀመሪያ የጭቃ ፍንጣሪ ነው ያልኩት። ፍንጣሪው ተነፈሰ። ቀስ ብዬ ተንበረከክሁ፣ ከዚያ በክርኔ ወረድኩ፣ ከዚያ በደረቴ፣ በመጨረሻ አገጬን ጭቃው ላይ አስቀመጥኩ። ካፊያው ሌንሱን እንዳይነካው ጋቢውን በራሴም በካሜራውም ላይ አለበስኩት። እንግዲህ ከኋላ ለሚያየኝ ሰው የምታየው ነጭ ክምር ብቻ ናት፤ ከክምሯ ወዲህ ሁለት የጭቃ እግሮች ተዘርግተዋል።

በሌንሱ ሳያት ደነገጥኩ። ከምሬ ነው የምላችሁ። ዕድሜ ልኬን እንቁራሪት ማለት ጩኸት ነበር የምትመስለኝ፤ ፊት እንዳላት አላውቅም ነበር። ዓይኗ ዙሪያው ወርቅ ነው። ቆዳዋ ላይ የተቀመጠች እያንዳንዷ የጉም ጠብታ ትታየኛለች። ጉሮሮዋ ይመታል። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የስብሰባ አፍ ሳሳድድ እሷ እዚህ ቁጭ ብላ ነበር። አንድ አነሳሁ። አልሸሸችም። ሌላ አነሳሁ። ወደ እኔ ዞር አለችና አተኩራ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ሆዴ ውሃ ሲጠጣ፣ ክርኔ ሲደነዝዝ፣ ጉንዳን ካልሲዬ ውስጥ ሲሰፍር አልተነቃነቅኩም። ጉሮሮዋን ነፍታ የምትጮህበትን ቅጽበት ነበር የምጠብቀው፤ እሷ ደግሞ ልትነፋ ትልና ትተወዋለች። «እባክሽ» እላታለሁ በሆዴ።

መሃል ላይ ከኋላዬ ድምጽ ሰማሁ። ዝግ ያለ፣ ከስር የሚወጣ ጉምጉምታ ነው። ንብ ነው አልኩ። ቆይቶ ጨመረ። ብዙ ንብ ነው አልኩ። ብዞር እንቁራሪቷ ትሄዳለች፤ ባልዞር ንቡ ይነድፈኛል። መነደፉን መረጥኩ። ፍቅር እንዲህ ያደርጋል። ደግሞ በዚያች ቅጽበት ጉሮሮዋ መነፋት ጀመረ። ነፋችው፤ ነፋችው፤ የራሷን ጭንቅላት አከለ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ጣቴን ማንሻው ላይ አሳረፍኩ።

የሆነ ትልቅ፣ ከባድ፣ ሙቅ እጅ ራሴ ላይ አረፈ።

ያወጣሁትን ጩኸት ጂንካ ያልሰማችው በጉሙ ምክንያት ነው። እንቁራሪቷ ከእኔ ይበልጥ ደነገጠች፤ ዘለለች፤ የምትሸሸግበት ጨለማ ስትፈልግ ያገኘችው የእኔን አንገትጌ ነው። ቀዝቃዛዋ ነገር በደረቴ ቁልቁል ስትወርድ ካሜራዬን ጥዬ ተነሳሁና መዝለል፣ መንቀጥቀጥ፣ ሸሚዜን መዳበስ ጀመርኩ። ዙሪያዬን ሳይ ደግሞ ይባስ ክው አልኩ። ጀሪካናቸውን ያስቀመጡ ሴቶች፣ ባርኔጣቸውን ያወለቁ ወንዶች፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ፣ እጃቸውን ወደ እኔ የዘረጉ ሰዎች ከበውኛል። እጁን የጫነብኝ ከረቫት ያሰረ ወጣት ወንጌላዊ ነው።

«ውጣ!» አለ።

«ውጣ!» አሉ ሁሉም።

«እምቢ አለች!» አልኩኝ እኔ። እውነቴን ነው፤ ብብቴ ስር ገብታለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ የጾም ጸሎት ፕሮግራም አላቸው። ወደ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ምንጩ ዳር ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፊቱን መሬት ላይ ደፍቶ፣ በካፊያ ውስጥ የማይነቃነቅ ሰው አዩ። በእነሱ አገር እንዲህ የሚደፋ ሰው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያለው። ብቻውን ተጨንቆ ሲጸልይ ጥሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ስለዚህ ከኋላው ቆመው አገዙት። ካሜራው ጋቢ ስር ነው፤ አላዩትም። ጸሎቱ ሲረዝም ጊዜ ወንጌላዊው ሸክሙ ከባድ መሆኑን ተረዳና እጁን ጫነብኝ። የተረፈውን እንቁራሪቷ ጨረሰችው።

በመጨረሻ በሱሪዬ ቀበቶ በኩል ወጥታ ሳሩ ውስጥ ገባች። እኔም ደከመኝና ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ «ሃሌሉያ!» አለ። አንዲት እናት አቅፈው ፊቴን በሻርፓቸው ጠረጉልኝ። «ልጄ፣ አሁን ቀለለህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ፤ ዋሽቼም አልነበረም፣ በጣም ቀሎኝ ነበር።

ከምንጩ ማዶ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የእንሰት ቅጠል ተሸክመው ተሻገሩ። ቅጠሉን አስቀመጡ፣ ካሜራዬን ከጭቃው አንስተው በኮታቸው ጠርገው ሰጡኝ፣ ኮቱንም ደረቡልኝ። ወንጌላዊው በደስታ እየተንተባተበ «ሽማግሌያችን ናቸው፤ ጋሽ እያሱ» አለኝ።

ከቢጫ የጎማ ቦት ጫማቸው ላይ ዓይኔን ቀና ማድረግ አቃተኝ። ስሜን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ከጂንካ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አላወቁኝም ማለት ነው። የት ያውቁኛል? ስሜ በየቤቱ ያለ ስም ነው። ሽማግሌ ላክሁ እንጂ እኔ አልሄድኩም።

እያጀቡ ወደ ቤተክርስቲያን ወሰዱኝ። መንገድ ላይ ወንጌላዊው ትከሻዬን አቅፎ «ዛሬ ምስክርነት ትሰጣለህ» አለኝ። ከጉባኤው ፊት ቆሜ ጌታ ያደረገልኝን እንድናገር ነው። ያኔ ነው አንድ ክፉ ሃሳብ የመጣልኝ። ጋሽ እያሱ ፊት፣ በጉባኤያቸው ፊት፣ የተለወጥኩ ሰው ነኝ። ምንም መናገር የለብኝም። አሜን ብል በቂ ነው። ምህረትን አገኘሁ ማለት ነው።

ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ሄጄ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ ስቆም ሁለት ሴቶች አይተውኝ «አሁንም እየጸለየ ነው» ተባባሉ። ምህረት ስልኩን አነሳች። የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«ሰይጣን አስወጡብህ?» አለችኝ።

«እንቁራሪት ነበረች።»

«አባዬ ቆሞ እያየ?»

«ደስ ብሏቸዋል መሰለኝ። ኮታቸውን ሰጥተውኛል። ምህረት፣ ዝም ብል እኮ—»

«ስማኝ» አለች። ተማሪዎቿን የምትገስጽበት ድምጽ ነው። «እውነቱን ከተናገርክ አባዬ ይቀየምሃል፤ ጌታን መቀለጃ አደረገ ይላል። ከዋሸህ ግን እኔ እቀየምሃለሁ። ከአባዬ አስታርቅሃለሁ። ከእኔ የሚያስታርቅህ የለም።» ዘጋችው። ወይም ኔትወርኩ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ፕሮግራሙ ተጀመረ። ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ስሜ ተጠራ። ጭቃዬ ደርቆ ሱሪዬ እንደ ቆርቆሮ እየተንኳኳ ወጣሁ። ከፊት ወንበር ጋሽ እያሱ ክርናቸውን እጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል። ስብሰባ ላይ ማይክ ፊት የሚቆሙ ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያነሳኋቸውን ሁሉ በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኩ።

«ወገኖቼ» አልኩ። «እኔ ጠዋት ምንጩ ዳር… እየጸለይኩ አልነበረም።»

«አሜን!» አሉ።

«የምሬን ነው። ጸሎት አልነበረም።»

«እሱ ግን ሰማህ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ሃሌሉያ!» ተጨበጨበ።

«ክፉ መንፈስም አልነበረብኝም።»

«ወጥቷላ!» አሉ ፊቴን የጠረጉልኝ እናት፣ እንባቸውን እየጠረጉ። እልልታው ቀለጠ። ከበሮው ሳይቀር አንዴ ተመታ። እኔ እውነት በተናገርኩ ቁጥር እነሱ ደስ ይላቸዋል። ላብ አጠመቀኝ። ሰው ሲዋሽ ሲያምኑት አይቻለሁ፤ እውነት ተናግሮ እንዲህ የተቸገረ ግን ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

«እንቁራሪት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እንቁራሪት ፎቶ እያነሳሁ ነበር! ለካሌንደር! ወንድም ራሴን ሲነካኝ ደንግጣ ሸሚዜ ውስጥ ገባች!»

አሁን አሜን የሚል ጠፋ። ወንጌላዊው ከረቫቱን ያዘ። ካሜራውን ከኮቱ ኪስ አውጥቼ፣ ከፍቼ፣ ሊወጋ እንደመጣ ሰው በተዘረጋ እጅ ወደ ጉባኤው አዞርኩት። ከፊት ያሉት እናት ተነስተው ተጠጉ፣ አንገታቸውን አሰገጉ፣ ስክሪኑን አዩ። በአገሩ ቋንቋ፣ በአሪኛ፣ የሆነ ነገር አሉ። አጠገባቸው ያለችው ሴት አየች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሳቁ ከፊት ወንበር ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ። ወንጌላዊው ራሱ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ፊቱ ቀላ። ያልሳቁ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

ጋሽ እያሱ ተነሱ።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«ና» አሉና ወጡ።

ተከተልኳቸው። ቤታቸው ከምንጩ በላይ ነው። ማሳውም የእሳቸው ነበር። ለካ ስደፋ ያረፈድኩት በምህረት አባት እንሰት ውስጥ ኖሯል! ምህረት እናቷን በልጅነቷ ስላጣች የቤቱን ስራ የምትሰራው አክስቷ ናት። አክስትየው ለጾም መፍቻ ቆጮና ጎመን አቀረበች። አልነካሁትም። እጄን የማሳርፍበት አጥቼ ካሜራውን ከፈትኩና «ይኸውልዎ፣ ጋሼ፣ በእርስዎ ማሳ ያለች ናት» አልኩ።

መነጽራቸውን አድርገው ተቀበሉኝ። የመጀመሪያዋን ፎቶ ብዙ አዩ። እንቁራሪቷ ቅጠሏ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከኋላዋ ሁሉ ነገር ደብዝዟል። ድብዝዝ ካለው መሃል ሁለት ቢጫ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ።

«አበባ ይሆናል።»

«ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ሁለተኛዋም ላይ ቢጫዎቹ አሉ። ሶስተኛዋም ላይ አሉ። እንቁራሪቷ ዞራለች፣ ጉሮሮዋን ልትነፋ ብላ ትታዋለች፣ ቢጫዎቹ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። መጨረሻ ላይ ደረስን፤ እጅ ሲጫንብኝ ጣቴ የተጫነው ፎቶ ነው። እንቁራሪት የለችበትም። ሌንሱ እሷን ሲያጣ ራቅ ያለውን ይዞ ቁልጭ አድርጎ አንስቷል። ሁለት ቢጫ የጎማ ቦት ጫማ፤ የቀኙ አውራ ጣት ላይ የብስክሌት ጎማ ተለጥፎበታል።

ዓይኔን ቀስ ብዬ ከስክሪኑ ወደ ወለሉ አወረድኩ። የቀኙ ላይ ልጣፊው አለ።

«ከመጀመሪያ ጀምሮ እዚያ ነበሩ?» አልኩ።

«ቅጠል ልቆርጥ ወረድኩ። አንተን አየሁ። የሞተ ሰው መሰለኝ። ቀረብ ስል ካሜራ አየሁ፣ ፊትህን አየሁ። ፊትህን ምህረት ስልኳ ላይ አሳይታኛለች። ቆምኩ።»

«ታዲያ ሲጸልዩብኝ… ለምን ዝም አሉ?»

«ጸሎት ይጎዳል?»

ካሜራውን መለሱልኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።

«ሽማግሌ ልከህ ነበር» አሉ። «ሶስት ሰው መጣ። ተቀመጡ አልኩ። አንዱ ሰዓቱን አየ። ከሰዓት ስብሰባ አለብን፣ ጉዳዩን በአጭሩ እንጨርስ አለኝ። መኪናው በሬ ላይ ቆሞ ነበር። ሞተሩ አልጠፋም። ሲገቡ ይሰራል፣ ሲለምኑኝ ይሰራል፣ ሲወጡም ይሰራል። ልጄን ሲጠይቁኝ ሞተሩ እየጮኸ አልሰማ አለኝ።»

«ማተቤ ነው ብዬ…» አልኩ።

«ማተቡ ሌላ ነው። ብዙ እንነጋገርበታለን፤ ምናልባት እንጣላበታለን። ግን ለመነጋገርም ለመጣላትም ሰው መጀመሪያ ይቀመጣል።» ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ዛሬ ለእንቁራሪት ከጠዋት እስከ ረፋድ ጭቃ ላይ ተኛህ። አየሁህ። መተኛት ታውቃለህ። ለልጄ ግን ሞተር እንኳን አላስጠፋህም።»

ተቀምጬ ሳለ የወደቅሁ መሰለኝ። ያን መኪና አውቀዋለሁ። ባትሪው ደክሟል፤ ካጠፉት ያለ ግፊት አይነሳም፤ ሹፌሩ ለዚህ ነው የማያጠፋው። ይህን ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና ከደንኩት። ባትሪ መድከሙን ለእሳቸው ብነግራቸው ምን ሊያደርግላቸው ነው? በጋውን ሙሉ ማተቤን ስወነጅል ከርሜ፣ ከሽማግሌዎቼ አንዱን እንኳን «እንዴት ሄዳችሁ? ተቀመጣችሁ?» ብዬ አልጠየቅኩም። አፈርኩ። ቆጮውን መብላት ጀመርኩ፤ እሳቸውም ተያይዘው በሉ።

ስወጣ በሩ ላይ ኮታቸውን ልመልስ አወለቅኩ። «በኋላ ታመጣዋለህ» አሉኝ። በኋላ የሚለውን ቃል እስከ ጂንካ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ በአፌ ይዤው ሄድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌዎቼን ይዞ የሄደው ያው መኪና ነው። ሹፌሩን ለምኜ፣ አስምዬ፣ የጋሽ እያሱ አጥር ሳይደርስ አስጠፋሁት። የፋይናንሱ ሰው አመሻሽ ላይ ተመለሰ፤ ሁሉም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ እስከ አስፋልቱ ገፍተውት ነው። «ሙሉ ቀን አስቀመጡን እኮ!» አለኝ ከድካሙ የተነሳ ግድግዳ ተደግፎ። «ስለ ማተብህ ብቻ የተነጋገርነው የሶስት ቀን ዎርክሾፕ ይወጣዋል።» መጨረሻው ምን ሆነ ብዬ ጮህኩበት። ጭቃውን ከሱሪው እያራገፈ እሺ ማለታቸውን የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ካሌንደሩን ግን ከዚያ በፊት፣ በዚያው ሰኞ ነበር ሳብሚት ያደረግኩት። ሃላፊያችን የመጀመሪያዋን ፎቶ በጣም ወደዷት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንቁራሪቷ ግሩም ናት» አሉ። «ከኋላዋ ያለው ቢጫ ነገር ግን ምንድን ነው? እንዲቆረጥ ይደረግ?»

«አይቆረጥም» አልኩ። ያኔ እንኳን ገና እሺ አልተባልኩም ነበር፤ አፌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «አማቴ ናቸው።»